በፎቶዎቹ ውስጥ የተሸሸገው ስም

ሟቹ የተገኘው በሩ ሥር ነው። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ግንባሩን በበሩ ብረት ላይ አስደግፎ ኩርምት ብሏል። ከጀርባው የድርጅቱ ኮምፒውተሮች በየመደርደሪያቸው ላይ አረንጓዴ መብራታቸውን ያርገበግባሉ። ክፍሉ መስኮት የለውም።

ኢንስፔክተር ጁሬማ ብራንዳዎ በርከክ አለችና የሟቹን ሸሚዝ ከትከሻው ላይ ገለጥ አደረገች። የቀኝ ትከሻው በልዞ ጠቁሯል። ቀና ብላ በሩን አየች፤ ከውስጥ ሲገፉት ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት፣ ቁልፍ የማያስፈልገው በር ነው።

«አለቃ፣ ጊዜያችንን አናባክን» አለ ሳጅን ቤኔዲቶ። ቦርጩን ቀበቶው ላይ አሳርፎ አንገቱን በመሀረብ ይጠርጋል። «ሰውዬው ራሱን ነው የገደለው። የእሳት ማጥፊያውን ጋዝ በራሱ ላይ ለቀቀ፤ አየር አጥሮት ሞተ። ለሠራው ሥራ እንዲያውም አንሶታል።»

«ምን ሠራ?»

«ከውጭ የሚጮኹትን አትሰሚም እንዴ?»

ትሰማለች። በሬሲፌ ከተማ አሮጌ ወደብ ዳር፣ ከሕንጻው ፊት ለፊት፣ ከማለዳው ጀምሮ ሴቶች ተሰብስበዋል። ሌሊቱን በሰኔ የሚከበረው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ ስለነበር ከተማው ሁሉ በየደጁ ደመራ አቀጣጥሎ፣ ርችት ተኩሶ፣ በቆሎ ጠብሶ ነው ያደረው፤ ጢሱ ገና ከወንዙ ላይ አልተነሳም። ከጢሱ ሥር የካፒባሪቤ ወንዝ ጭቃ ይሸታል። ሴቶቹ ግን ለበዓል አልመጡም። የሟቹን ስም እየጠሩ ይራገማሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተደበደበች ሴት ወደ መጠለያ ስትገባ፣ ቁስሏ ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ፎቶ ትነሳለች። በዚያ ግዛት ፎቶዎቹን በአደራ የሚያስቀምጠው ጉዋያሙ የተባለው ይህ ትንሽ ድርጅት ነበር። አንድ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ፎቶውን ሲከፍት ኮምፒውተሩ በምስሉ ነጠብጣቦች መካከል ዓይን የማያየው ምልክት ይበትንበታል፤ ምልክቱም የከፈተው ሰው ቁጥር ነው። ፎቶው አደባባይ ቢወጣ፣ ምልክቱ ይነበብና ያወጣው ሰው ይታወቃል። ይህን የፈለሰፈው አሁን በሩ ሥር የወደቀው የሒሳብ ሊቅ፣ ሊንዶልፎ ታቫሬስ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ፎቶዎቹ ወጡ። ወንዶች ተሰብስበው በሚሳለቁበት አንድ ቆሻሻ ድረ ገጽ ላይ ተለጠፉ። ጁሬማ ገጹን አይታዋለች። ከፎቶዎቹ በታች የተጻፈውን አንብባ ስትጨርስ ተነስታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ለምን እንደታጠበች ለራሷም አልገባትም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሬዲዮው ምልክቱ መነበቡን ተናገረ። የሁሉም ፎቶዎች ምልክት አንድ ነው፤ ሰባት ቁጥር። ሰባት ቁጥር ሊንዶልፎ ነው።

«ቤኔዲቶ፣ ለሬዲዮው ማን ነገረ?»

«የድርጅቱ ባለቤት፣ አዳውቶ።»

«ለእኛስ መቼ ደወለ?»

ሳጅኑ መሀረቡን አጠፈ። «ከሬዲዮው በኋላ ነው አለቃ።»

ጁሬማ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ለበዓሉ ተብሎ ወለሉ በሰም ተወልውሎ ያብረቀርቃል። በበሩ ሥር ግን፣ በኮሪደሩ በኩል፣ ሰሙን የፋቀ አጭር ጭረት አለ፤ በቀጭን ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ። ጣቷን አሳረፈችበት። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ያለውን የብረት ቁምሳጥን ከፈተች። ቀይ የጋዝ ሲሊንደሮች ተደርድረዋል፤ ቧንቧቸው ግድግዳውን በስቶ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ይገባል። በአንደኛው የነሐስ አንገት ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ነገር ተጣብቋል። ቀረብ ብላ አየችው።

«የፖሊስ ሐኪሙን ጥራው» አለች። «ይሄን በጥንቃቄ ያንሳልኝ። ቆዳ ነው።»

አዳውቶ ፒንዶባ ቢሮው ውስጥ ስልክ እያወራ አገኘችው። ረጅም፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚቀበል ሰው ነው። ቀኝ እጁ እስከ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሏል።

«…አዎ፣ በጣም አሳዛኝ ነው» ይላል በስልኩ። «ግን ነገሩን በሌላ ዓይን እዩት። ምልክታችን የሠራውን ሰው እንኳ አልማረም! ከዚህ በላይ ማረጋገጫ ከየት ታመጣላችሁ? …እሺ፣ ሳምንት እንፈራረማለን።»

ስልኩን ዘጋ። ፊቱ ላይ ሐዘን ለማምጣት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«ኢንስፔክተር፣ ይቀመጡ። በዓል ነው፣ ፓሞኛ ይቅመሱ። ባለቤቴ ናት የሠራችው።» በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለውን ጣፋጭ ወደ እሷ ገፋ።

«በልቻለሁ» አለች፤ አልበላችም። «ከማን ጋር ነበር?»

«ከደንበኞች። ሦስት ግዛቶች ሥርዓታችንን ሊገዙ ነው። ሰው ቢሞትም ሥራ አይሞትም።»

«ሊንዶልፎን መቼ አዩት?»

«ትናንት ከሰዓት። ምልክቱን አንብቤ ሰባት ቁጥር ሲወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጠርቼ አሳየሁት። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔማ ነገ ጠበቃ ይዞ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ለካ…» ራሱን ነቀነቀ። «ስንት ዓመት አብሬው የበላሁ ሰው! እነዚያን ፎቶዎች እያየ ነበር ማለት ነው፤ ማታ ማታ፣ ብቻውን። ሲያስቡት አያስጠላም?»

«ያስጠላል» አለች ጁሬማ። «ሌሊቱን የት ነበሩ?»

«ኦሊንዳ ከተማ፣ አማቴ ቤት። ደመራ ነበር፤ የሰፈር ሰው ሁሉ ነበር።»

«እጅዎን ምን አገኘው?»

«የዮሐንስ ትዝታ ነው!» ሳቀ። «ግንዱ ተንከባለለና ወደ ልጆቹ ሲመጣ በእጄ መለስኩት። ነበልባሉ እስከ አንጓዬ ዋጠኝ። ልጆቹ ግን ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጁሬማ ፋሻውን አየች። ከፋሻው ጫፍ ላይ ከአንጓው የሚጀምር ጥቁር ጸጉር ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ስትወጣ የስብሰባ አዳራሹ በር በወንበር ተደግፎ ተከፍቶ አየች።

«ይሄ በር ሁልጊዜ በወንበር ነው የሚደገፈው?» ብላ ኮሪደሩን የምታጸዳውን ሴት ጠየቀቻት።

«ኧረ የእንጨት ሽብልቅ ነበረው። ዛሬ ብፈልግ ባስፈልግ አጣሁት። እዚህ ቤት ሽብልቅም ይሰረቃል እንዴ?»

ሴሊና ሞንቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። የሊንዶልፎ ተማሪ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ኮምፒውተሮቹን የምትጠብቅ መሐንዲስ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ቁጣ ይሁን ልቅሶ ያሳበጠው አይለይም።

«ከእሱ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለች ጁሬማ፣ አጠገቧ እየተቀመጠች።

«ማን ነው ያለው? አዳውቶ ነዋ! አዎ፣ ተጣልተናል። እኔ ሥርዓቱ ይሸጥ፣ ጉድለቱን እየሠራን እናሟላዋለን አልኩ። መምህሬ ግን “ጉድለት ያለበትን በር ለተደበደበች ሴት አልሸጥም” አለ። ፈሪ ነህ አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።» አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ጉድለቱ ምንድን ነው? ሒሳብ ሳትጨምሪ ንገሪኝ።»

ሴሊና አሰበች። «አንቺ ጋ የመንግሥት ማኅተም አለ እንበል። አንድ ወረቀት ላይ ያረፈው ማኅተም እውነተኛ መሆኑን ላጣራ ፈለግሁ። አንቺ ደግሞ “እንኪ፣ አመሳክሪ” ብለሽ ማኅተሙን ራሱን አዋስሽኝ። ምን አደርጋለሁ?»

«ከፈለግሽ ራስሽ ታትሚያለሽ።»

«በቃ ይኸው ነው። የእኛን ስውር ምልክት የሚያነበው ሚስጥራዊ ቁልፍና የሚጽፈው ቁልፍ አንድ ናቸው። ማንበብ የቻለ መጻፍም ይችላል። መምህሬ አዲስ ሊሠራ ነበር፤ ማተሚያው በአንድ ካዝና ተቆልፎ፣ ማመሳከሪያው ግን ለማንም የሚሰጥ። እስከዚያ ግን ምልክቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፣ ለፍርድ ቤቱ እናገራለሁ ብሎ ነበር።»

«ለማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ለሦስታችንም። ለእኔ፣ ለአዳውቶ፣ ለፍትሕ ቢሮው ሰው ለሮሙሎ። ባለፈው ሳምንት፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ።»

«ቁልፉ ማን ጋ አለ?»

«እሱ ጋ፣ እኔ ጋ። አዳውቶም ለደንበኞች የሚያሳይበት ፍላሽ አለው። ለሮሙሎም አንድ ጊዜ አውሶታል፤ ለዳኛው ላሳይ ብሎ።»

«ምልክት ያላረፈባቸውን ጥሬ ፎቶዎችስ ማን ያገኛል?»

«ሮሙሎ ከመጠለያዎቹ ያመጣቸዋል፤ እኔ አስገባቸዋለሁ፤ አዳውቶ ቅጂውን ካዝናው ውስጥ ያስቀምጣል።»

«ሊንዶልፎስ?»

«እሱማ አይቷቸውም አያውቅ! ደም አይወድም። የሚሞክረው በካጁ ፎቶ ነበር። እህቱ ጓሮ ካለው ዛፍ ላይ ፍሬውን ፎቶ ያነሳል፣ ምልክት ያሳርፍበታል፣ ያነበዋል። ሰባት ቁጥርም የካጁው ቁጥር ነው።»

ጁሬማ ቀስ ብላ ዞር አለች። «ሰባት ቁጥር የሴቶቹን ፎቶ መክፈት አይችልም?»

«አይችልም፤ የሙከራ ቁጥር ነው። እኔም ጠዋት ይህንኑ ብዬ ነበር። አዳውቶ ግን “የሠራው ሰው ምን ይሳነዋል? በጓዳ በር ገብቶ ይሆናል” አለኝ። እኔ እንኳ ለአንድ ሰዓት አመንኩት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ለአንድ ሰዓት ተጠየፍኩት፣ ኢንስፔክተር። ሞቶ ተኝቶ ተጠየፍኩት።»

ጁሬማ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። ከዚያ ስለ ጋዙ ጠየቀቻት።

«የጋዙን መልቀቂያ ቁልፍ ከውስጥም ከውጭም መጫን ይቻላል። ግን ሲጫን መጀመሪያ ሳይረኑ ይጮኻል፤ ሰው እንዲወጣ። ጋዙ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይረኑ መንገዱ ላይ ነው የተሰቀለው፤ ርችት አይሸፍነውም።»

«ሳይረን ሳይጮኽ መልቀቅስ?»

«መብራት ሲጠፋ ተብሎ ሲሊንደሩ ላይ የእጅ መክፈቻ አለ። እሱ አይጮኽም። ግን ከለቀቅሽው ተመልሶ ይዘጋል፤ ጋዙ እስኪያልቅ ተጭነሽ መያዝ አለብሽ። በየዓመቱ ልምምድ ላይ ለሁላችንም ይነገረናል። በባዶ እጅ እንዳትነኩት፣ ብረቱ በረዶ ይሆናል እያሉ።»

ሮሙሎ ፌይቶዛ ከፍትሕ ቢሮ ነው፤ የመጠለያዎቹን ፎቶዎች በኃላፊነት የያዘ፣ ወፍራም፣ ላብ የማይለየው ሰው። የግራ ቅንድቡ የለም። የእጁ ጀርባ ጸጉርም ተለብልቦ እንደ ተቃጠለ ላባ ይሸታል።

«ርችት ነው» አለ ጁሬማ ሳትጠይቀው። «የእህቴ ልጅ ለቀቀብኝ። ሚስቴ “ቅንድብህ ቢቀር ምን ታጣለህ፣ ድሮም መልክ የለህም” አለችኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም።

«አቶ ሮሙሎ፣ ፎቶ እንዲከፍቱ ለሰዎች ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለሊንዶልፎ ሰጥተውታል?»

ላቡን ጠረገ። «…ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ስለዚህ ሰባት ቁጥር ፈቃድ ካላቸው ውስጥ የለም።»

«የለም።»

«ይህን ከጠዋት ጀምሮ ያውቃሉ። ሴቶቹ ደጅ ላይ የሟቹን ስም ሲረግሙ ቆመው ያዳምጣሉ። ምነው አንዲት ቃል ጠፋ?»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ነኝ ይህን ሥርዓት ለቢሮው ያጸደቅኩት! ሰውዬው በጓዳ በር ገባ ከተባለ ያጸደቀው ማን ነው ይባላል። ምልክቱ ውሸት ነው ከተባለም ያጸደቀው ማን ነው ይባላል። በየት በኩል ልውጣ? ልጆች አሉኝ።»

«እነዚያ ሴቶችም ልጆች አሏቸው» አለች ጁሬማ። ላቡ የሚያንጠባጥብበትን ጠረጴዛ አይታ ክርኗን አነሳች።

ከዚያ ደጅ ወጣች። ሴቶቹ አንዲት አሮጊት ከበው ቆመዋል። የሟቹ ታላቅ እህት ወይዘሮ ዞራይዴ ናቸው፤ የወንድማቸውን ሬሳ ሊወስዱ መጥተው መንገድ ተከልክለዋል። ጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ምራቅ ተተፍቶበታል። አይጠርጉትም፤ አያለቅሱም።

ከፊት የቆመችው ሴት ግራ ክንዷ በጀሶ ታስሯል። ዳልቫ ትባላለች። የእሷም ፎቶ ከወጡት አንዱ ነው። ባሏ ፎቶው ላይ ከጀርባዋ ያለውን መስኮትና የመስኮቱን ማዶ ዛፍ አውቆ መጠለያውን አገኘው። ክንዷን የሰበረው ያኔ ነው።

«እትዬ ዞራይዴ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ» አለች ጁሬማ። ወደ ዳልቫም ዞረች። «አንቺም ነይ። ፊትሽን ማን እንደሸጠው መስማት መብትሽ ነው።»

«ማን እንደሸጠውማ ሬዲዮው ነግሮናል!»

«ሬዲዮው ተሳስቷል።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሰርቨር ክፍሉ ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ ተሰበሰቡ። ለወይዘሮ ዞራይዴ ወንበር መጣላቸው። አዳውቶ ግድግዳውን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል፤ ሴሊና ክንዷን አጣምራለች፤ ሮሙሎ መውጫው አጠገብ ቆሟል። ቤኔዲቶ ከመውጫው ፊት ገብቶ በቦርጩ ዘጋው።

«ከበሩ ልጀምር» አለች ጁሬማ። «ሊንዶልፎ ራሱን ገደለ ተባለ። ሞትን የመረጠ ሰው በር አይገፋም። እሱ ግን ትከሻው እስኪጠቁር ገፍቷል። በሩ ለምን አልተከፈተም? ይህን ጭረት እዩ። ከኮሪደሩ በኩል፣ ከበሩ ሥር፣ ሽብልቅ ተወትፏል። የአዳራሹ ሽብልቅ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የለም።»

«ሽብልቅ የትም ይጠፋል» አለ አዳውቶ።

«ይጠፋል። ጋዙ ግን የትም አይለቀቅም። ቁልፉ ቢጫን ኖሮ ሳይረኑ ይጮህ ነበር። ቤኔዲቶ?»

«የጎረቤቶቹን ዘበኞች ሁሉ ጠየቅኩ። ሲጠጡ ያደሩም፣ ሳይጠጡ ያደሩም አሉ። ሳይረን የሰማ የለም።»

«ስለዚህ የተለቀቀው በእጅ መክፈቻው ነው። መክፈቻው ያለው እዚህ ኮሪደር ላይ፣ በዚህ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ጋዙ እስኪያልቅም ተጭኖ ይያዛል። በውስጥ ያለ ሰው በውጭ ያለ እጀታ ሊይዝ አይችልም። ሊንዶልፎን ሰው ገድሎታል።»

ወይዘሮ ዞራይዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳልቫ ወደ እሳቸው አየችና ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

«ገዳዩ ፎቶዎቹን ካወጣው ሰው ጋር አንድ ነው፤ ምክንያቱም የሊንዶልፎ ሞት የሚጠቅመው ሰባት ቁጥርን የጻፈውን ነው። ማንበብ የቻለ መጻፍ ይችላል። ጥሬ ፎቶና ቁልፍ ሁለቱንም በእጃቸው ያስገቡ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም እዚህ ቆመዋል። ሴሊና ሰባት ቁጥር የካጁው ቁጥር መሆኑን ታውቃለች። ሰው ልትወነጅል ብትፈልግ የሴቶቹን ፎቶ መክፈት በማይችል ቁጥር አትወነጅልም ነበር። አቶ ሮሙሎም ፈቃድ ሰጪው ራሳቸው ናቸው፤ ሰባት ቁጥር ፈቃድ ካላቸው ውስጥ እንደሌለ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ቢጽፉት በራሳቸው ላይ ገመድ መሸመት ነው። ሰባት ቁጥርን የምር የሊንዶልፎ መክፈቻ አድርጎ ያመነ ሰው አንድ ብቻ ነው። ለደንበኛ የካጁውን ፎቶ እያሳየ “ይኸው፣ ሰባት፣ ሊንዶልፎ ከፍቶታል” ሲል የኖረ፤ ከማሳያው ወዲያ ሥርዓቱን ያላወቀ።»

ሁሉም ወደ አዳውቶ ዞሩ።

«ተረት ነው!» አለ። «እኔ የራሴን ድርጅት ስም ለምን አጠፋለሁ?»

«አጠፉት? ጠዋት በስልክ ሲሸጡት ሰምቻለሁ። ሌባ ተይዞ ካልታየ መቆለፊያ ገዢ አያገኝም። ገዢዎች ማረጋገጫ ፈለጉ፤ ማረጋገጫው ደግሞ የወጣ ፎቶ ነው። ስለዚህ አወጡት። ሊንዶልፎ ጉድለቱን ለፍርድ ቤት ሊናገር ነበር፤ ስለዚህ ሌባው እሱ እንዲሆን ተመረጠ። ሌባ የተባለ ሰው ስለ መቆለፊያ ቢናገር ማን ይሰማዋል? ሌሊት ምልክቱን ራሱ ሊያጣራ ወደዚህ ክፍል ሲመለስ ጠበቁት፤ የሞተ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም።»

«ሌሊቱን ኦሊንዳ ነበርኩ! እጄ እንኳ በደመራው…»

«እጅዎ። አቶ ሮሙሎ፣ እጅዎን ያሳዩዋቸው።»

ሮሙሎ ግራ ገብቶት የተለበለበ እጁን ዘረጋ።

«እሳት የነካው እጅ ይህን ይመስላል። እሳት ከቆዳ በፊት ጸጉር ይበላል። አቶ አዳውቶ ነበልባሉ እስከ አንጓዬ ዋጠኝ አሉኝ፤ አንጓቸው ላይ ያለው ጸጉር ግን አንዲት ዘለላ አልጎደለችም። የሚያቃጥል፣ ጸጉር ግን የማይለበልብ አንድ ነገር አለ። ብርድ። ጋዙ ሲወጣ ነሐሱ በረዶ ይሆናል፤ ባዶ እጅ ይጣበቅበታል። ልምምዱ ላይ ተነግሯችኋል፤ እርስዎ ግን እንደተለመደው አላዳመጡም። ሲላቀቁ ቆዳዎ ቀረ። ሐኪሙ ከሲሊንደሩ አንገት ላይ አንስቶ ይዞታል። ፋሻውን ይፍቱ።»

አዳውቶ አልፈታም። ቤኔዲቶ ቀረበና ፈታለት። መዳፉ ነጭ ሆኖ ሰም መስሏል፤ መሀሉ ላይ በቀለበት ቅርጽ የተላጠ ቀይ ሥጋ ይታያል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

መጀመሪያ የተናገረው ራሱ አዳውቶ ነው፤ ወደ ሮሙሎ ዞሮ፣ እንደሚያሳምን ሰው።

«ፎቶዎቹ እንደሆኑ ያው ፍርድ ቤት ብዙ ሰው ያያቸው ነበር። እነዚህን ሴቶች ማን ያውቃቸዋል? ሥርዓቱ ቢሸጥ ስንት ሺህ ሴት ይጠበቅ ነበር! ይህን ማንም አያስብም።»

ጁሬማ በሥራዋ ብዙ ደም አይታለች፤ ቢላዋ ይዘው የሚያለቅሱ ሰካራሞች አይታለች። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሸሚዝ ግን አስጠልቷት አያውቅም።

«እኔን ታውቀኛለህ» አለች ዳልቫ ከኋላ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ፎቶዬን መርጠህ አይደል የለጠፍከው? ከስንቱ መሀል መርጠህ። በደንብ ታውቀኛለህ።»

አዳውቶ ፊቱን አዞረ። ቤኔዲቶ ጤነኛ እጁን ይዞ ወሰደው፤ በደረጃው ሲወርዱ ሽቶው ብቻ ወደ ኋላ ቀረ።

ዳልቫ ወደ ወይዘሮ ዞራይዴ ሄደች፤ ከፊታቸውም ቆመች።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ጠዋት እኔም አንቺን ብሆን እተፋ ነበር። አሁን ክንድሽን አውሺኝና ወንድሜን እንውሰደው።»

«አንዱ ክንዴ ተሰብሯል እማማ።»

«ደህናውን ነው የጠየቅኩሽ።»

ሴሊና ጁሬማን ወደ ዳር ሳበቻት። «ዳልቫ ትጠይቀኛለች። ፎቶዬ ከዚያ ገጽ ይጠፋል ወይ ብላ ትጠይቀኛለች።»

«ይጠፋል?»

«ገጹን እናዘጋዋለን። ያወረዱት ሰዎች ጋ ግን አለ። እሱን የሚያጠፋ ሒሳብ የለም።»

«እንግዲያው እንደዚያው ንገሪያት» አለች ጁሬማ። «ከእንግዲህ ማንም አይዋሻት።»

በማግስቱ ጠዋት ዳልቫ ባሏን ልትከስ ፖሊስ ጣቢያ መጣች። ከጀሶው ሌላ ጀርባዋ ላይ ያልዳነ ቁስል ነበራት። የጣቢያው ፎቶ አንሺ እንደ ደንቡ ካሜራውን አዘጋጅቶ መብራቱን አበራ። ዳልቫ የሸሚዟን ቁልፍ ይዛ ቆመች። ቁልፉን ግን አትፈታም።

«አልነሳም» አለች። «እሰሩኝ ከፈለጋችሁ። አልነሳም።»

«ያለ ፎቶ ክሱ ይደክማል እህቴ» አለ ፎቶ አንሺው፤ ደግ ሰው ነው። «የእኛ እንኳ እንደዚያኛው አይደለም፤ በደንብ ይቆለፋል።»

ዳልቫ መለስ ብላ ጁሬማን አየቻት።

ጁሬማ መብራቱን አጠፋች። ፎቶ አንሺውን በትህትና ካስወጣች በኋላ በሩን ዘጋች፤ መስኮቱንም ጋረደች።

«እኔ አያለሁ» አለች። «በዓይኔ። ያየሁትን ሁሉ ዳኛው ፊት ቆሜ፣ እጄን አንስቼ፣ እናገራለሁ። ጠበቃው ዋሽተሻል ይለኛል፤ ይበለኝ። እዚያው ቆሜ እደግመዋለሁ።»

ዳልቫ ከዚያ ዞር ብላ ሸሚዟን በደህና እጇ ከጀርባዋ ላይ አነሳች።

ጁሬማም አንዱንም ቁስል ሳትዘል፣ ከትከሻዋ ጀምራ ወደ ታች፣ ዓይኗን ሳትሰብር አየች።